እናትሽ ፍልፈል ያሉት እንስሳ ፍልፈል አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦

«የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ የጓሯችን ሳር ከሥር እያበጠ መጣ። እንደ ደም ሥር የተጠማዘዘ መስመር ነው፤ ሲረግጡት ስምጥ ይላል። ልትጠይቀን ከጎጃም የመጣችው እናቴ ገና እንዳየችው ‹ይሄማ ፍልፈል ነው፤ ድንችሽን ይጨርስልሻል› አለች። እውነትም ሰሞኑን ድንቹን ስቆፍር ብዙው ከሥር ተግጦ አገኘሁት። ካሮቱም እንደዚያው። ባለቤቴ የአይጥ መርዝ ገዝቷል፤ ቀዳዳው ውስጥ ሊጨምር ነው። ትናንት ደግሞ ድመታችን አንዱን ገድላ በር ላይ ጣለችው። ፎቶውን አያይዣለሁ። ምንድን ነው? ምን እናድርግ? ትንንሽ ልጆች ስላሉን ፈርቻለሁ።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ባለቤትሽ መርዙን ያቆየው። ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። አንቺም መልሰሽ እዪው። በመጀመሪያ የፊት እጆቹን ተመልከቺ። ከሰውነቱ ጋር ሲተያዩ ከመጠን በላይ ትልልቅ ናቸው። መዳፎቹ ወደ ሆዱ አልዞሩም፤ ወደ ውጭ ነው የዞሩት። ሰው መጋረጃ ለመክፈት ሁለት እጁን ወደ ጎን ሲገፋ እንደሚሆነው ማለት ነው። ጥፍሮቹ ሰፋፊና ጠንካራ ናቸው። ክንዱ ከትከሻው ጋር የተጣበቀ ስለሚመስል እጁ በቀጥታ ከደረቱ የወጣ ነው የሚመስለው። ዓይን ፈልጊ፤ አታገኚም። ጆሮም ከውጭ አይታይም። አፍንጫው ረዘም ያለና ፀጉር የሌለው ነው።

አሁን አፉን እዪ። ወደ ውጭ የወጡ ሁለት ረጃጅም የፊት ጥርሶች አሉት? የሉትም። ያሉት ጥቃቅን ሹል ጥርሶች ናቸው። ነገሩን የሚለየው ይሄ ነው።

ይህ እንስሳ ሞል ይባላል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በብዛት የሚገኘው ዝርያ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ስካሎፐስ አኳቲከስ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ ብትፈልጊ ሞል ማለት ፍልፈል ነው ይልሻል። እናትሽም አልተሳሳቱም፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ አማርኛ ያለው ስም እሱ ነው። ግን ሁለቱ እንስሳት ዝምድና የላቸውም ማለት ይቻላል። የኛ ፍልፈል የአይጥ ወገን ነው። ሥር፣ ድንችና እንሰት ይበላል። ሞል የአይጥ ወገን አይደለም። ሥጋ በል ነው፤ ትልና ነፍሳት አድኖ ይበላል። የእናትሽን ድንች የበላውና ያንቺን ሳር ያሳበጠው የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው።

እኔም ያደግሁት ጎጃም ነው። አባቴ ድንች ጓሮ ውስጥ ፍልፈል ሲገባበት የታጠፈ እንጨትና ገመድ አድርጎ ወጥመድ ይሠራለት ነበር። ጠዋት ስንሄድ አንዳንዴ ተይዞ እናገኘዋለን። ልጅ ሆኜ የሚገርመኝ ጥርሱ ነበር። ብርቱካናማ ነው። አፉ ተዘግቶም ከውጭ ይታያል። ፍልፈል የሚቆፍረው በዚያ ጥርስ ነው። ከንፈሩ ከጥርሱ ኋላ ስለሚገጥም አፈር ወደ አፉ አይገባም። አፈሩን በጥርሱ ይንደዋል፤ ከዚያ በእግሩና በጭንቅላቱ ይገፋዋል። ሞል ግን በጥርሱ አይቆፍርም፤ ሥራው ሁሉ የእጁ ነው። እንግዲህ አንዱ በጥርስ ቆፋሪ፣ አንዱ በእጅ ቆፋሪ ብለሽ ያዢው።

እውነተኛ ሞል አፍሪካ ውስጥ የለም። ያለው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሞልን ከዚህ በፊት ሊያይ አይችልም። በደቡባዊ አፍሪካ ወርቃማ ሞል የሚባል አለ፤ እሱም በመልክ ብቻ ነው የሚመስለው። በዘር ሐረጉ ከሞል ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል። ከመሬት በታች መኖር የተለያዩ እንስሳትን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ቅርጽ ያመጣቸዋል፤ ድቡልቡል ገላ፣ አጭር እግር፣ ትንሽ ወይም የተሸፈነ ዓይን። የኛን ፍልፈል ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፣ ከጣና በስተሰሜን ካለው ከደምቢያ ባገኘው እንስሳ። ደምቢያ ላይ ገበሬው ያኔም ከፍልፈል ጋር ሲታገል እንደነበር እገምታለሁ።

ወደ ሞሉ ልመለስ፤ ምን እየሠራ እንደሆነ ካወቅሽ ምን ማድረግ እንዳለብሽም ይገባሻል።

ሞል ከጭራው ጋር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም በታች ነው። ያቺ ትንሽ ገላ ግን ረሃብተኛ ናት። መቆፈር ከባድ ጉልበት ይፈጃል፤ ስለዚህ በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ሙሉ ክብደቱን የሚያህል ይበላል። ዋና ምግቡ የምድር ትል ነው። ቀጥሎ የጥንዚዛ ዕጭ፤ ሳር ስትነቅዪ ከሥሩ እንደ እንግሊዝኛው C ፊደል ተጠምዝዞ የምታገኚው ነጭ ወፍራም ትል ማለት ነው። በብርዱ ወቅትም እንደ አንዳንድ እንስሳት ለወራት አይተኛም። አፈሩ ላይኛው ሲቀዘቅዝ ወይም ሲደርቅ ትሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞሉም ተከትሎት ይወርዳል። ሳርሽ በጸደይ ያበጠው ለዚህ ነው። አፈሩ ረጥቦ ሲለሰልስ ትሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሞሉም ከሳሩ ሥር ሥር እየሄደ ይለቅመዋል።

ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንዱ አንቺ የምታዪው ነው፤ ከሳሩ ሥር ወዲያው ያለ የአደን መንገድ። ለስላሳ አፈር ካገኘ በቀን እስከ 30 ሜትር ሊሄድ ይችላል። ብዙውን አንዴ አልፎበት አይመለስበትም። ሌላው ጠለቅ ያለው ነው። መኝታው፣ ልጆቹ፣ ዘላቂ መተላለፊያው እዚያ ነው። ከጥልቁ ሲቆፍር የሚተርፈውን አፈር ወደ ላይ ገፍቶ ትንሽ ክምር ያደርገዋል።

ሞል ብቸኛ ነው። ሌላ ሞል ክልሉ ውስጥ እንዲገባበት አይወድም። በዓመት አንዴ፣ በጸደይ ይወልዳል፤ ከ2 እስከ 5 ልጆች። ልጆቹ ጥቂት ሳምንታት ከእናታቸው ጋር ቆይተው የራሳቸውን ቦታ ፍለጋ ይወጣሉ። ሰው ጓሮውን አይቶ «ሃያ ቢሆኑ ነው» ይላል። እንደ እናንተ ያለ ግቢ ላይ የሚታየው ጥፋት ሁሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ሞል ሥራ ነው። ድመታችሁ የገደለችው ያው ራሱ ሊሆን ይችላል። ድመት ሞል ገድላ ሳትበላው መጣሏ የተለመደ ነው።

ፀጉሩን ብትዳስሺው ከፋይ ነው የሚመስለው። የድመት ፀጉር ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ ወደኋላ ስትዳብሺው ይቆማል። የሞል ፀጉር ግን ወደፈለግሽው ይተኛል። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ዞር ማለት ሲያቅተው ወደኋላ ይሄዳላ! ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን ቢሆን ኖሮ ከግድግዳው ጋር ይጣበቅበት ነበር። ደሙም ለዚያው ኑሮ የተመቸ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ የሚከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌላው እንስሳ በተሻለ ይሸከማል። ስሙ ላይ ያለው አኳቲከስ ግን የውሃ ማለት ነው። ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ያወጣ የነበረው ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ሲያወጣለት የጣቶቹን መሃል ቆዳ አይቶ ዋናተኛ መስሎት ነው ይባላል። ያ ቆዳ ለአካፋነት ነው የሚያገለግለው።

ከሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ አፍንጫው ነው። ይሄ የናንተው ዝርያ ዓይኑ በቆዳ ተሸፍኗል። ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም። ታዲያ ትሉን እንዴት ነው የሚያገኘው? ቴነሲ በሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ኬኔት ካታኒያ የሚባሉ ተመራማሪ ይህን ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ግማሽ ክብ ቅርጽ ባለው ትንሽ ሜዳ ዙሪያ ጉድጓዶች አድርገው በአንዱ ውስጥ የተቆራረጠ ትል ያስቀምጣሉ። ሞሉ ይገባል። አፍንጫውን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ያሸታል። ከዚያ ሳይንከራተት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ምግቡ ላይ ይደርሳል።

እሳቸው አላቆሙም። የሞሉን አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በትንሽ ቱቦ ደፈኑ። ግራው ሲደፈን ሞሉ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ቀኙ ሲደፈን ወደ ግራ። ትሉን በመጨረሻ ያገኘዋል፤ ግን ተጣሞ ነው የሚሄደው። ቀጥሎ ቱቦዎቹን አቋልፈው ከግራ የሚመጣው ሽታ በቀኙ፣ ከቀኝ የሚመጣው በግራው እንዲገባ አደረጉ። ያኔ ሞሉ ግራ ገባው። ወዲያ ወዲህ አለ፤ ብዙ ጊዜም ትሉን ሳያገኘው ቀረ። እኛ በሁለት ጆሯችን ድምፅ ከየት እንደመጣ እንደምንለየው፣ ሞል በሁለት የአፍንጫ ቀዳዳው ሽታ ከየት እንደመጣ ይለያል ማለት ነው። ይህን ያደረገው በየጓሮው የሚሰደበው፣ ፎቶ ላይ ያየሽው ዝርያ ራሱ ነው።

ሜሪላንድ ረግረግ ባለበት አካባቢ ሌላ ዝርያም አለ። አፍንጫው ዙሪያ 22 ጣት የሚመስሉ ሮዝ ቅጥያዎች ያሉት ባለ ኮከብ አፍንጫ ሞል ይሉታል። ያንቺ እሱ አይደለም።

እስካሁን ሞል ትልና ነፍሳት ብቻ ይበላል አልኩሽ። ታዲያ ድንቹን ማን በላው?

ተጠርጣሪው ቮል ነው። ቮል አጭር ጭራ ያለው፣ አይጥ የሚመስል፣ የአይጥ ወገንም የሆነ እንስሳ ነው። የፊት ጥርስ አለው። ሥር፣ የአበባ ኮረት፣ ድንች፣ ካሮት፣ የችግኝ ልጥ ይበላል። ሞል የቆፈረውን መንገድ ተከራይ ሳይሆን ገብቶ ይጠቀምበታል። ሰው መንገዱን ያያል፣ የተጋጠውን ድንች ያያል፣ ሞሉን ይረግማል። እናትሽ ድንቹን ማን እንደሚበላ ከልምድ ያውቃሉ፤ ጥርስ ያለው የአይጥ ወገን ነው። እዚያ ፍልፈል ነው፣ እዚህ ቮል ነው። ይህን ስትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

በግምት አትቅሪ፤ ፈትኚው። ዛሬ ማታ ድንቹ አጠገብ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ጋ ቁራጭ ፖም አስቀምጪ። ላዩ ላይ የአበባ ማሰሮ ድፊበት፤ ወፍና ሽኮኮ እንዳያነሳው። በማግስቱ ማታ ክፈችው። ፖሙ ላይ የጥርስ ጭረት ካለ ወይም ፖሙ ከሌለ ቮል አለሽ። ሞል ፖም አይነካም።

አሁን ስለ መርዙ። የአይጥ መርዝ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከእህል ነው። ሞል እህል አይበላም። ስለዚህ መርዙ ሞሉን አይነካውም፤ እዚያው ይቀመጣል። ከዚያ የሚያገኘው ልጅ ነው፣ ውሻ ነው፣ ወይም አይጥና ቮል ነው። መርዝ የበላውን ቮል ደግሞ ድመታችሁ ወይም ጉጉት ትበላዋለች። ሞል እንዲበላው ተብሎ በትል ቅርጽ የተሠራ መርዝም ገበያ ላይ አለ። ብሮሜታሊን የሚባል ነገር አለበት። ውሻ ወይም ድመት ከበላው ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ትንንሽ ልጆችና ድመት ባሉበት ቤት እኔ አላስገባውም።

ማስቲካ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የሰው ፀጉር፣ መሬት ላይ ተተክሎ የሚንቀጠቀጥ የባትሪ ዱላ፣ እነዚህ ሲወራላቸው ነው እንጂ አይሠሩም። የልብስ ብል መከላከያውን ነጭ ኳስ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ደግሞ አፈርሽን ይመርዘዋል። ጥንዚዛውን ለመግደል ሳሩን ሁሉ በመድኃኒት መርጨትም ሞሉን አያስወጣም፤ ዋናው ምግቡ የምድር ትል ስለሆነ። ትሉን ልጨርሰው ብለሽ እንዳታስቢ፤ አፈርሽን የሚያለማው እሱ ነው።

መጠነኛ ውጤት ያየሁበት ነገር የጉሎ ዘይት ነው። አዎ፣ ያ አገር ቤት ምጣድ የምናሰስበት ጉሎ። ከእሱ የተሠራ ማባረሪያ እዚህ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ሽታውና ጣዕሙ ስለማይመቸው ሞሉ ለጊዜው ፈቀቅ ይላል። ዝናብ ሲበዛ ግን ይታጠባል፤ መድገም ያስፈልጋል። የሚሄደውም ወደ ጎረቤት ነው፤ እሱንም አስቢበት።

በእርግጥ ካላስቻለሽ አስተማማኙ መንገድ ወጥመድ ነው። እሱም የሚሠራው ሞሉ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ከተጠመደ ብቻ ነው። መስመሮቹን በእግርሽ ርገጪና አስተካክያቸው፤ በትንሽ እንጨት ምልክት አድርጊ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ ያበጠው ነው እሱ የሚመላለስበት። ስለ ወጥመድ ያለው ሕግ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ አስቀድመሽ ጠይቂ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን የሚባለው የግብርና ምክር ክፍል ለነዋሪው የጓሮ ጥያቄ በነፃ ይመልሳል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ሞሉን ተይው። ሳሩን በእግርሽ መልሰሽ ጠቅጥቂው፤ ሥሩ ካልደረቀ ይይዛል። ሞሉ የጥንዚዛውን ዕጭ ይበላልሻል፤ ጠጣር አፈርሽን አየር ያስገባበታል። በጋው ሲደርቅ ወደ ታች ይወርዳል። ጉልበትሽን ድንቹ ላይ አውዪው። መደቡን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው የሽቦ ወንፊት ክበቢው። ወንፊቱ ወደ መሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፤ ከላይም ያንኑ ያህል ይቁም። ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ከሆነ ከሥሩ አንጥፊው። አጠገቡ ያለውን ረጅም ሳርና ጉዝጓዝ አንሺ፤ ቮል መሸሸጊያ ከሌለው አይደፍርም።

ሞሉን ተይው የምልሽ ዝም ብዬ አይደለም፤ ቆፋሪ እንስሳ ለሌሎችም እንደሚተርፍ አይቻለሁ። ባሌ ሳነቲ አምባ ላይ፣ ከ4000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ግዙፉን ፍልፈል ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ከባሌ ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መጀመሪያ የአፈሩ ድፋን ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፤ ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ናቸው። ቶሎ አይወጣም። ዙሪያውን ይቃኛል። ገላውን ግማሽ አውጥቶ፣ የኋላ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ትቶ፣ የደረሰበትን ሳር እየነጨ ያፍሳል። አፉ ሲሞላ ወደኋላው ይንሸራተታል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች፤ እሱ የሚገለብጠው አፈር ላይ ነፍሳት ትለቅማለች። እሷ ደንግጣ ስትጮህ እሱም ይጠፋል። የጠፋበት ምክንያት በኋላ መጣ፤ ቀይ ቀበሮ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ፣ ጆሮውን ወደ መሬት አድርጎ ለረጅም ጊዜ ጠበቀ። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ እዚያ ከሚመገባቸው ዋናዎቹ አንዱ ይሄ ፍልፈል ነው። ያን ቀን ቀበሮው ሳይቀናው ሄደ።

ስለ ልጆቹ ስጋት አይግባሽ። ሞል ሰው አያሳድድም፤ ቤት አይገባም፤ ከመሬት በላይም እምብዛም አይታይም። የሞተውን ግን በባዶ እጅ አይንኩት፤ ቁንጫ ሊኖርበት ይችላል፤ በሕይወት ያለውም ከተያዘ ሊነክስ ይችላል። ድመቷ የገደለችውን በአካፋ አንስታችሁ ቅበሩት። ከመቅበራችሁ በፊት ግን እናትሽ እጁን ይዩት፤ የጎጃሙን ጥርስ ስለሚያውቁ ልዩነቱን ወዲያው ይለዩታል። ልጆቹም ከዝናብ በኋላ ማለዳ ላይ ኮቴያቸውን አጥፍተው ጓሮው ዳር ይቁሙ። ዕድል ከቀናቸው ሳሩ ከሥር ቀስ እያለ ሲነሳ፣ መስመሩም በዓይናቸው ፊት ሲረዝም ያያሉ። አንዳቸው መሬት ከመቱ ይቆማል። ዝም ብለው ከጠበቁ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይቀጥላል።